ፈተና ቢወድቁ ሰውነት አይወድቅም

ይሉኝታ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ጠባይ ነው። ሰውን የሚያፍርና የሚያከብር ሕዝብ ተፋቅሮ ለመኖር ይችላል። ዳሩ ግን ይሉኝታ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ሰው የራሱን ዋጋ ከጎረቤት አፍ ብቻ የሚቀበል ይሆንና ጨዋነቱ ወደ መሸማቀቅ ይለወጣል። ይህም በወጣቶቻችን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በሚነገርበት ሰሞን እናየዋለን።

በ2015 ዓ.ም. ለፈተናው ከተቀመጡት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 27 ሺህ ያህል፣ ማለት ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ ይበልጡ ነበር። ከመቶ ልጆች ዘጠና ሰባቱ ሳያልፉ ሲቀሩ ጉድለቱ የልጆቹ ብቻ ነው ለማለት አይቻልም። ታዲያ ትምህርት ቤትና ቤተሰብ ጭምር የሚጠየቁበትን ጉድለት አንድ ልጅ ብቻውን ተሸክሞ፣ ዘመድ እንዳያገኘው በጓሮ በር ሲመላለስ ማየት ያሳዝናል። «ወደቀ» የሚለው ቃል የተነገረው ለፈተናው ሲሆን፣ እኛ ግን ለልጁ ስም አድርገን እናወጣለታለን።

ይህን ስንል ለስንፍና ጥብቅና መቆማችን አይደለም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደ ተባለው፣ ዕውቀት የሌለው ማዕረግ ባለቤቱንም አገሩንም አይጠቅምም። እንዲያውም ኩረጃን ካበዙት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የሰው አፍ ፍርሃት ነው። ኮርጆ ያለፈ ሰው ጎረቤቱ ቢያመሰግነውም እርሱ ግን ራሱን ያውቀዋል። ጉድለቱን ሳይደብቅ አውቆ እንደ ገና መጽሐፉን የሚገልጥ ወይም ወደ ሙያ ትምህርት ቤት ገብቶ እጁን የሚያሠለጥን ወጣት ግን በራሱ ለመተማመን በቂ ምክንያት አለው።

ትናንት ከዚሁ የተማሪ ወንበር የተነሣችሁ ወጣት ሠራተኞች በዚህ ረገድ ትልቅ ኃላፊነት አለባችሁ። ታናሽ ወንድማችሁና እኅታችሁ የእናንተን ቃል ከአባት ቃል ባላነሰ ይሰማሉ። እንግዲህ በበዓል ቀን ቡና ተፈልቶ ዘመድ በተሰበሰበበት «ስንት አመጣህ?» ማለቱን ትታችሁ፣ ለብቻው ጠርታችሁ «የከበደህ የትኛው ትምህርት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። የምታውቁትም ትምህርት ከሆነ እሑድ አንድ ሰዓት ያህል አብራችሁት ተቀመጡና አስረዱት።