አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ በ«ሥነ ምግባር» ስም የሚካሄድ ዘመቻ

ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ጌጃ ሰፈር፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ተቀምጦ ተራውን የሚጠብቅ ወጣት ስለ ጌም ጋዜጠኝነት ሰምቶ ላያውቅ ይችላል። አይፈረድበትም። በአማርኛ ጋዜጦች ላይ የጌም ሂስ የሚጻፍበት ቋሚ አምድ ማግኘት ከባድ ነው። የትኛው ጌም እንደሚሻል፣ የትኛው ቡድን እንደሚያሸንፍ፣ የትኛው ስልክ እንደሚያዋጣ የሚሰማው ከቴሌግራም፣ ከዩቲዩብና ከቲክቶክ ነው። ሆኖም ከአሥር ዓመት በፊት በአሜሪካ የጌም ዓለም የተነሣ አንድ ጸብ፣ ዛሬ ይህ ወጣት ስልኩን በከፈተ ቁጥር የሚያየውን የዘመቻ ስልት ቀድሞ አሳይቷል። ስልቱ አጭር ነው፦ «የሙያ ሥነ ምግባር ተጣሰ» ብሎ ተነሥቶ፣ ሰው ላይ ዘምቶ መጨረስ።

ነገሩን ከሥሩ ማየት ይጠቅማል።

በነሐሴ 2006 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 2014 መሆኑ ነው፣ አንድ አሜሪካዊ ከቀድሞ የፍቅር ጓደኛው ጋር ስለነበረው ግንኙነት ረጅም ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። ጓደኛ የተባሉት ዞዊ ኩዊን ናቸው። «ዲፕሬሽን ኩዌስት» የተሰኘ፣ በድብርት የሚሠቃይ ሰው ኑሮ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ፣ በነጻ የሚጫወቱት ትንሽ ጌም ሠርተዋል። ከዚያ ጽሑፍ አንድ ክስ ተመዘዘ፦ ኩዊን ኮታኩ ከተባለው የጌም ሚዲያ ጋዜጠኛ ጋር ግንኙነት ስለነበራቸው ጥሩ ግምገማ ተጻፈላቸው የሚል። የኮታኩ ዋና አዘጋጅ ጉዳዩን አይቶ መልስ ሰጠ፤ ጋዜጠኛው ያንን ጌም ገምግሞ አያውቅም። በግንኙነት ተገዛ የተባለው ግምገማ ጭራሽ አልነበረም።

ክሱ መሠረት ሲያጣ ዘመቻው መብረድ ነበረበት። አልበረደም። «ጌመርጌት» የሚል ስም ወጣለት፤ «ጥያቄያችን የጋዜጠኝነት ሥነ ምግባር ነው» የሚል መፈክርም ተበጀለት። ኩዊን በግድያ ዛቻ ተጥለቅልቀው፣ የግል መረጃቸው አደባባይ ተዘርግፎ፣ ቤታቸውን ለቀው ወጡ። በጥቅምት 2007 ዓ.ም. መባቻ ሌላዋ ጌም ሠሪ ብሪያና ዉ አድራሻቸው ከዛቻ ጋር ስለተለጠፈ ከቤታቸው ሸሹ። በዚያው ሰሞን በጌም ውስጥ የሴቶችን አሣሣል የሚተቹት አኒታ ሳርኪሲያን በዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሊያደርጉት የነበረውን ንግግር ሰረዙ። የጅምላ ግድያ ዛቻ መጥቶ ሳለ፣ የግዛቱ ሕግ ስለሚፈቅድ መሣሪያ የያዘ ሰው ወደ አዳራሹ እንዳይገባ መከልከል አይቻልም ተብሏቸው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣት አለበት። ለመሆኑ በጌም ጋዜጠኝነት ውስጥ የሥነ ምግባር ችግር አልነበረም? ነበረ። ትልቅ ችግር ነበረ። የነበረው ግን ሌላ ቦታ ነው።

በኅዳር 2000 ዓ.ም. ጄፍ ገርስትማን የተባሉ የጌምስፖት አዘጋጅ «ኬን ኤንድ ሊንች» ለተሰኘ ጌም መካከለኛ ነጥብ ሰጡ። የጌሙ አሳታሚ በዚያን ወቅት ድረ ገጹን በማስታወቂያ ሸፍኖት ነበር። ገርስትማን ብዙ ሳይቆዩ ተባረሩ። ከዓመታት በኋላም አስተዋዋቂዎችን ባስከፉ ግምገማዎች ምክንያት ከአስተዳደሩ ጋር መጋጨታቸውን በአደባባይ ተናገሩ። ሁለተኛው ምሳሌ ደግሞ ከጌመርጌት ጋር በአንድ ወቅት የሆነ ነው። ኩዊን ከቤታቸው በተሰደዱበት በዚያው ዓመት፣ ዋርነር ብሮስ «ሻዶው ኦፍ ሞርዶር» የተሰኘውን ጌሙን እንዲያሞግሱለት ለታዋቂ ዩቲዩበሮች ይከፍል ነበር። ክፍያው ለተመልካች በግልጽ አልተነገረም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጉዳዩን ተከታትሎ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ኩባንያውን በስምምነት አሰረው፤ ከዚያ ወዲህ የከፈለበትን ሙገሳ እንደ ገለልተኛ አስተያየት እንዳያቀርብ።

እንግዲህ ሚዛኑን ማየት ነው። በአንድ በኩል አፍ በገንዘብ የሚገዛ ግዙፍ ኩባንያ። በሌላ በኩል በነጻ የሚታደል ጌም የሠራ አንድ ሰው። «ሥነ ምግባር» እያለ የሚጮኸው ሠራዊት ቤቱን ያስለቀቀው የትኛውን ነው? አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት ይህንን ነው። ኩባንያ ጠበቃ አለው፣ የማስታወቂያ በጀት አለው፣ ጌሙም ይወደዳል። ብቻውን የሚሠራ ሰው ግን ስልኩና አድራሻው ብቻ ነው ያለው፤ ሁለቱም ይገኛሉ።

ሌላም መለያ ምልክት አለ። ከቅሬታው ውስጥ እውነተኛ የሆነው ክፍል ቶሎ መልስ አግኝቷል። ጋዜጠኛ ከሚዘግብለት ጌም ሠሪ ጋር ያለው የገንዘብም ሆነ የወዳጅነት ግንኙነት ይታወቅ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነበር። ኮታኩ ጸሐፊዎቹ ለጌም ሠሪዎች በየወሩ የሚያደርጉትን የገንዘብ ድጋፍ አስቆመ፤ ሌላው የጌም ሚዲያ ፖሊጎን ደግሞ እንዲህ ያለ ድጋፍ ይፋ እንዲደረግ ደነገገ። ይህ የሆነው በቀናት ውስጥ ነው። ዛቻው ግን ወራት ቀጠለ። ጥያቄው ተመልሶለትም የማይበርድ ቁጣ፣ መጀመሪያውኑ ጥያቄ አልነበረውም።

ይህ ሁሉ የአሜሪካ ወሬ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ የአማርኛው ማኅበራዊ ሚዲያ ያንኑ መንገድ ባይከተል። በኢትዮጵያ ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ «አክቲቪስት» የሚለው ቃል የቤት ቃል ሆኗል። ጋዜጠኛው አክቲቪስት፣ አክቲቪስቱ ጋዜጠኛ፣ ሁለቱም ዩቲዩበር የሆኑበት ዘመን ነው። ዘመቻውም የራሱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ አንድ ስክሪንሾት ይወጣል። ቀጥሎ «ይህ ሰው ማን ነው?» ይባላል። ከዚያ ፎቶው፣ የሥራ ቦታው፣ የቤተሰቡ ስም ይከተላል። አስተያየት መስጫው ሥር ብሔሩና ሃይማኖቱ ይቆጠራል። ሴት ከሆነች ደግሞ ያገባችው፣ የፈታችው፣ የለበሰችው ሁሉ ለፍርድ ይቀርባል። «ለምን ይህን ዘገበ?» ተብሎ የተጀመረው ጥያቄ በሁለት ቀን ውስጥ «የት ነው የሚኖረው?» ይሆናል።

ሁለተኛው ጥያቄ ወዴት እንደሚያደርስ ኢትዮጵያ በደም ከፍላ አይታዋለች። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። በጦርነቱ ወቅት፣ በመስከረም 2014 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከ50,000 በላይ ተከታይ ባለው አንድ የፌስቡክ ገጽ ላይ ስማቸውና ፎቶአቸው ከውንጀላ ጋር ተለጠፈ። ትግራዊ ነበሩ። ቤተሰባቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለፌስቡክ አመለከተ። ጽሑፎቹ አልተነሡም። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፕሮፌሰሩ በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ከኩባንያው ምላሽ የመጣው ከተቀበሩ በኋላ ነው። ልጃቸውና አብረውት የቆሙ አመልካቾች በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ፍርድ ቤቱም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ።

ልብ ማለት የሚገባው፣ እንዲህ ያሉ ጽሑፎች የሚለብሱት ልብስ ነው። «ሊታወቅ የሚገባው እውነት» ይላሉ። «ማጋለጥ» ይላሉ። ጋዜጠኛ የሚጠቀምባቸው ቃላት ናቸው። ጋዜጠኛ ግን ከማጋለጡ በፊት ያጣራል፣ የተወቀሰውን ሰው ይጠይቃል፣ ከተሳሳተ ያርማል፣ በስሙም ይቆማል። ስሙን ደብቆ የሌላውን ስም የሚያወጣ ገጽ ከእነዚህ አንዱንም አያደርግም።

«ታዲያ ጋዜጠኛ አይተች? አክቲቪስት አይጠየቅ?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። በዚህ አገር ሚዲያ ውስጥ ፖስታ ተቀብሎ የሚዘግብ አለ። የአንድን ወገን ሙታን ቆጥሮ የሌላውን የሚዘል አለ። ያልተጣራ ወሬ በርዕስ አሳብጦ ብር የሚለቅም አለ። እነዚህን ዝም ማለት ሥነ ምግባር አይደለም። ችግሩ ትችት መብዛቱ ላይ አይደለም፤ ትችቱ ዒላማ መሳቱ ላይ ነው።

መንግሥት ዱላውን ያንሣልን ማለትም መፍትሔ አይሆንም። ይህን ከልደታ ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። ጌመርጌት በተነሣበት በዚያው 2006 ዓ.ም.፣ በወርሃ ሚያዝያ፣ ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች አዲስ አበባ ውስጥ ታሰሩ። በሐምሌ በፀረ ሽብርተኝነት አዋጁ ተከሰሱ። ከጌጃ ሰፈር ብዙ በማይርቀው በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ተመላለሱ። የኢንተርኔት ደኅንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ሳይቀር ለክሱ ማስረጃ ሆነ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የአምስቱ ክስ ተነሣ፤ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ደግሞ ፍርድ ቤቱ የቀሩትን ከሽብር ክሱ በነጻ አሰናበተ። የተበላው ጊዜ ግን አልተመለሰም።

ዛሬ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሠራጨ ሰው እስከ ሦስት ዓመት ሊታሰር ይችላል። ፕሮፌሰር መዓረግ ሲገደሉ ይህ አዋጅ ወጥቶ ዓመት አልፎት ነበር። በወረቀት ላይ መኖሩ አላዳናቸውም። ሕጉን የሚያስፈጽመው ሁልጊዜ በሥልጣን ላይ ያለው ወገን ነው፤ የማን ቃል ጥላቻ፣ የማን ቃል ትችት እንደሆነ የሚመርጠውም እርሱ ነው። የተሻለው መንገድ በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 ውስጥ ተቀምጧል። በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋት ከእስር ወጥቶ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ እንዲሆን፣ ሚዲያዎችም ራሳቸውን በራሳቸው እንዲቆጣጠሩ መንገድ ከፍቷል። የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ምክር ቤትም ለዚህ የቆመ ነው። ቅሬታ ያለው ሰው ወደዚያ መሄዱ ላይክ አያስገኝለትም፤ እርማት ግን ሊያስገኝለት ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መለኪያ ሦስት ጥያቄ ነው። አንድ ዘመቻ «የሙያ ሥነ ምግባር» ብሎ ሲመጣ፣ ሼር ከማድረግ በፊት መጠየቅ ይቻላል።

አንደኛ፣ የተተቸው ሥራው ነው ወይስ ሰውየው? ዘገባው የትኛው መስመር ላይ እንደተሳሳተ የማይናገር ትችት የሥነ ምግባር ትችት አይደለም።

ሁለተኛ፣ የተጠየቀው ምንድን ነው? እርማት፣ ማብራሪያ፣ ይቅርታ ከተባለ ጥያቄ ነው። «ይባረር»፣ «ይጥፋ»፣ «ቤቱን አሳዩን» ከተባለ ሌላ ነገር ነው።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡ የት ነው ያለው? ይህኛው በጣም የተረሳው ነው፤ ወደ ጌጃ ሰፈሩ ወጣትም የሚመልሰው ይኸው ነው። የሚከታተላቸው የስፖርት ቻናሎች በውርርድ ማስታወቂያ ተሞልተዋል። «የዛሬ ትኬት»፣ «እርግጠኛ ጨዋታ» ተብሎ የሚለቀቀው ግምት የተንታኙ የራሱ አስተያየት ይሁን ከውርርድ ድርጅት የተከፈለበት፣ ብዙ ጊዜ ለተመልካቹ አይነገረውም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል። የዋርነር ብሮስ ጥፋት ይኸው ነበር፤ የተገዛ አፍ እንደ ነጻ አፍ መቅረቡ። እዚያ የጠፋው የአንድ ጌም ዋጋ ነው። እዚህ የሚጠፋው የቀን ሥራ ደመወዝ፣ የትራንስፖርት ብር፣ ከእናት ቦርሳ የወጣ ገንዘብ ነው። ሆኖም በዚህ ጉዳይ ላይ ሃሽታግ ሲወጣ አይታይም። አንዲት ዘጋቢ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብትሳሳት ግን ሺህ ሰው ይሰለፋል።

ዳውላው ቀላል ስለሆነ ነው የሚመታው። አህያው ግን ቆሟል፤ ማስታወቂያውም በየግማሽ ሰዓቱ ይለቀቃል። ስለ ሥነ ምግባር ከልቡ የሚቆረቆር ተከታይ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ማድረግ ይችላል፦ ከሚያምነው ቻናል ሥር ገብቶ፣ ሳይሳደብ፣ «ይህ የተከፈለበት ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ። መልስ ካላገኘ ነገም መጠየቅ።