በረኪናና አቼቶ አይጋቡ!

እኔ የምለው፣ ለመታጠቢያ ቤት እድፍ ሁሉ መድኃኒቱ በረኪና ነው ያለው ማነው? ቧንቧው ሥር የሚጋገረው ነጭ ነገር ውኃው ትቶት የሄደው ኖራ ነው። በረኪና ያነጣል እንጂ ኖራ አያሟሟም። የሚያሟሟው አሲድ ነው፤ አቼቶ ወይም ሎሚ። በአቼቶ የተነከረ ጨርቅ ጠምጥሞ አንድ ሰዓት መተው፣ ፈተግ አድርጎ ማጠብ፤ በቃ።

ሁለቱን መቀላቀል ግን እንዳታስቡት! ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በ1915 እ.ኤ.አ. ኢፕር ላይ ወታደር የፈጀው ያው ጋዝ። መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ የምትተነፍሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የቤት ሠራተኛችን ናት። «አልለቀቀም፣ ድገሚው!» እኔም ብዬ አውቃለሁ። ከማዘዛችን በፊት ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን እናንብብላት። ሲንኩ ነጥቶ የሰው ሳንባ ከሚቃጠል፣ እድፉ ቢቀርስ?