ስሙን ለእንግዳ የሰጠው ድንች

አመሻሽ ላይ አያት አካባቢ ጉሊቱ ይደምቃል። ሻጮቹ ድንቹን በመደብ በመደብ ይደረድሩታል፤ ትልልቁን ከላይ፣ ደቃቁን ከሥር። «መደቡ ስንት ነው፣ እናቴ?» የሚለው ሁሉ ድንችን ከጥንት ጀምሮ አብሮን የኖረ አድርጎ ነው የሚገዛው።

ይህ ድንች ግን እንግዳ ነው። ከአንዲስ ተራሮች ተነስቶ አውሮፓን ዞሮ ነው የመጣው። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት አጥኚ ቪልሄልም ሺምፐር ሲሆን ጊዜውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1858 ነው። ገበሬው ቶሎ አልተቀበለውም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ረሃቡ ሲጠና ነው የተስፋፋው።

ስሙ ግን ቀድሞ እዚሁ ነበር። ድንች ሲባል የኖረው ሌላ ተክል ነው፦ ከበሶብላ ጋር የሚዛመድ፣ ሥሩ እንደ ጣት ቀጠንና ረዘም ያለ፣ ዛሬም በወላይታና በወለጋ ጓሮዎች የሚተከል። እንግዳው ስሙን ሲወስድ ባለቤቱ «የወላይታ ድንች»፣ «የኦሮሞ ድንች» ካልተባለ የማይለይ ሆነ። በገዛ ስሙ ቅጽል የሚያስፈልገው እሱ መሆኑ ይቆጨኛል።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ብቻ አልደረሰም። የሺምፐር አገር ሰዎች ድንችን «ካርቶፍል» የሚሉት፣ መሬት ውስጥ የሚበቅል የእንጉዳይ ዓይነት ከሚጠራበት የጣሊያንኛ ስም ወስደው ነው። ከዚያ በፊትም የጥንት ጀርማናውያን ጎመንን ከነስሙ ከሮማውያን ተቀብለዋል፤ የላቲኑ «ካውሊስ» ዛሬ በጀርመንኛ «ኮል» ነው። ለሽንኩርት ወገን ግን «ላውክ» የሚል የራሳቸው ስም ነበራቸው። እንግሊዞች ነጭ ሽንኩርትን ሲሰይሙ «ጦር» የሚለውን ቃል በዚሁ ላይ ደረቡበት፤ እኛ ቀለሙን አይተን ስንሰይም እነሱ የፍንካቹን ሹል ቅርጽ አዩ። ሰው የሚያውቀውን ተክል ስም ለአዲሱ ይሰጣል፣ ወይም አዲሱን ከነስሙ ይቀበላል። ሰላጣና ዝኩኒ እኛ ዘንድ የገቡት በሁለተኛው መንገድ ነው።

ስም መዋሱን አልቃወምም። የምቃወመው አበዳሪው ሲረሳ ነው። አያት ያለበት ለሚ ኩራ ራሱ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ የእርሻ መሬት ነበር፤ ዛሬ እዚህ የሚያድጉ ልጆች የአገሩን ድንች በዓይናቸው ሳያዩ ነው የሚያድጉት። ከደቡብ ፍራፍሬ ጭነው ወደ አካባቢው የእሁድ ገበያ የሚመጡ ነጋዴዎች አንድ ጆንያ የወላይታ ድንች ቢጨምሩ ገዢ አያጡም፤ አንዱ እኔ ነኝ።