ከፍጥነት ክስ ለመዳን የሚበጀው የትኛው ብልሃት ነው?



ስለ መኪና ፍጥነትና ስለ ትራፊክ ክስ ያለችኝን አሳብ ለወገኖቼ ለማካፈል ስለ ፈለግሁ፤ ይህችን ደብዳቤ በተከበረው ጋዜጣዎ በአንባብያን አምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በየመሥሪያ ቤቱ በሻይ ዕረፍት ጊዜ ባለ መኪኖች ሁለት ሦስት ሆነው በተገናኙ ቁጥር፤ ከኑሮ ውድነት ቀጥሎ የሚነሣው ጨዋታ የትራፊክ ክስ ነው። «ትናንት እዚያ መታጠፊያ ላይ ተደብቀው ያዙኝ» ይላል አንዱ። «እኔስ አወቅሁበት፤ ከፊቴ የሚመጣው ሹፌር መብራት ብልጭ ሲያደርግልኝ ቀስ ብዬ አለፍኋቸው» ይላል ሌላው። እንዲህ እየተባለ ከክስ የማምለጫው ብልሃት ሁሉ ይዘረዘራል። እኔም ከዚሁ ጨዋታ አድማቂዎች አንዱ ስለ ነበርሁ፤ ማን ይናገር የነበረ እንዲሉ፤ ስለ ጉዳዩ ብጽፍ የሚፈርድብኝ ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ባለፈው ጥቅምት ወር አንድ ሰኞ ጧት አርፍጄ ከቤት ወጣሁ። ከቤቴ እስከማስተምርበት ትምህርት ቤት ያለው መንገድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ምልክቱ 40 በሚልበት መንገድ ላይ በ60 ስገሠግሥ አንድ የትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ። እኔም ከመኪናዬ ወርጄ «አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁኛል» ብዬ ለመንሁት። ፖሊሱም ሳይቆጣ «መምህር፤ እርስዎን የሚጠብቁት እንኳ ክፍል ገብተዋል። እኔ የምጠብቀው ገና በዚህ በኩል የሚሻገሩትን ነው» አለና የክሱን ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። በዚያች ሰዓት ንግግሩ ከቅጣቱ ይልቅ አናደደኝ።

የማስተምረው ፊዚክስ ነው። እንዳጋጣሚ ሆኖ በዚያን ዕለት የነበረው ትምህርት ስለ ፍጥነትና ስለ መቆሚያ ርቀት ነበርና፤ ተማሪዎቼን «አንዱ መኪና በ40፤ ሌላው በ60 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ድንገት አንድ ሕፃን መንገድ ላይ ቢገባ እያንዳንዳቸው በስንት ሜትር ላይ ይቆማሉ?» ስል ጠየቅኋቸው። ሹፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ አንድ ሴኮንድ ያልፋል እንበል፤ አስፋልቱም ደረቅ፤ ፍሬኑም ደኅና ነው እንበል። በ40 የሚሄደው በ20 ሜትር ላይ ይቆማል። በ60 የሚሄደው ግን ለመቆም ከ36 ሜትር በላይ ያስፈልገዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፤ የመጀመሪያው መኪና ፈጽሞ በቆመባት በ20ኛው ሜትር ላይ ሁለተኛው ገና ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት እየሮጠ መድረሱ ነው። ሒሳቡን ሠርተን እንደ ጨረስን አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፤ እርስዎ በስንት ነው የሚነዱት?» አለችኝ። የክሱ ወረቀት በኪሴ ነበር። ልዋሻት ብፈልግም አፌ እምቢ አለኝና ወረቀቱን አውጥቼ አሳየኋቸው። ክፍሉ በሣቅ ተሞላ፤ እኔ ግን ቤቴ እስክገባ ድረስ ሣቅ አልመጣልኝም።

በ60 በመንዳቴ ያተረፍሁት ምን ያህል እንደ ሆነም በዚያው ማታ አሰላሁ። 6 ኪሎ ሜትር በ40 ሲነዱት 9 ደቂቃ፤ በ60 ሲነዱት 6 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ መንገዱ ሁሉ ያለ አንዳች ማቆሚያ ቢለቀቅልኝ እንኳ ትርፌ 3 ደቂቃ ብቻ ነበር። ክሱ እስኪጻፍልኝ የቆምሁት ከዚያ ይበልጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው እንደ እኔ ላለው ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከክስ ያድናሉ ተብለው የሚነገሩትን ብልሃቶች አንድ በአንድ መርምሬ ያገኘሁትን እነሆ።

1ኛ፤ «ፖሊሱን ሳይ ፍሬን እይዛለሁ» የሚሉ አሉ። ይህ የራዳርን አሠራር ካለማወቅ የመጣ ነው። አምቡላንስ ወደ እኛ ስትመጣ ድምፅዋ ይቀጥናል፤ አልፋን ስትሄድ ይወፍራል። ይህን የማዕበል ጠባይ የኦስትሪያው ሊቅ ክርስቲያን ዶፕለር በ1842 እ.ኤ.አ. ገለጠው። ራዳርም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ የላከው ሞገድ በመኪናችን ላይ ነጥሮ ሲመለስ በመለወጡ መጠን ፍጥነታችንን ያውቃል። ይህንም የሚያደርገው ከሩቅና በቅጽበት ስለ ሆነ፤ እኛ ፖሊሱን አይተን እግራችንን ወደ ፍሬኑ እስክናደርስ ቁጥሩ ተመዝግቦ አልቋል።

2ኛ፤ «መብራት ብልጭ ያደርጉልኛል» የሚሉ አሉ። ለወንድም ማሰብ መልካም ነገር ነው። ዳሩ ግን የምንጠነቃቀቀው ከፖሊሱ ነው እንጂ ከአደጋው አይደለም። ፖሊሱን ካለፍን በኋላ ሁላችንም እንደገና ነዳጁን እንረግጣለን። ያ መብራት ብልጭ የተደረገለት ሹፌር ከሁለት ኪሎ ሜትር በኋላ እናት ልጅዋን ይዛ ስትሻገር ቢደርስ፤ ብልጭታው ምን ጠቀማት?

3ኛ፤ «ሰው ሁሉ በዚያ ፍጥነት ሲሄድ እኔ ለብቻዬ ላዘግም?» የሚሉ አሉ። ይህ በፈተና አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ይኮርጅ ነበር ብሎ ከሚከራከር ተማሪ ቃል የተለየ አይደለም። ፖሊሱ ከሚሮጡት መካከል የሚይዘው አንዱን ነው፤ ያ አንዱ እኔ ወይም እርስዎ መሆናችን አይቀርም።

4ኛ፤ «እገሌን አውቃለሁ» እያሉ ስልክ የሚደውሉና እጅ ለመንሻ የሚያቀርቡ አሉ። ስለዚህ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ቀኑን ሙሉ በመሥሪያ ቤታችን ጉቦን ስንነቅፍ ውለን፤ ማታ በመንገድ ዳር ጉቦ ሰጪ ሆነን መገኘታችን ለራሳችንም ያሳፍራል። ለልጆቻችንም የሚተርፈው ትምህርት ይኸው ነው።

እንግዲህ እነዚህ ሁሉ የማይረቡ ከሆኑ የሚበጀው ምንድን ነው? በበኩሌ ሞክሬ ያገኘሁት እንደሚከተለው ነው።

መጀመሪያ፤ ፍጥነት የሚጀምረው በመንገድ ላይ ሳይሆን በቤት ውስጥ ነው። ከቤቱ ያረፈደ ሰው መንገድ ላይ መሮጡ አይቀርም። በልጅነቴ የተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ደወል ከተደወለ በኋላ የመጣውን ተማሪ ከበሩ ውጭ ያቆመው ነበር፤ ለዝናብም ለጭቃም ምሕረት የለውም። በዚያን ጊዜ ጭካኔ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ መነሣት ከክስ ሁሉ የሚያድን መድኃኒት መሆኑን ተረድቻለሁ። በ2 ሰዓት ተኩል ለሚገባ ሠራተኛ ሩብ ሰዓት ከእንቅልፉ ቢቀነስ የሚጎዳው አይመስለኝም።

ሁለተኛ፤ ምልክትን ማንበብ ነው። በቀይ ክብ ውስጥ የተጻፈው ቁጥር ሊያልፉት የማይገባ የፍጥነት ወሰን ነው እንጂ ሊደርሱበት የታዘዘ ግብ አይደለም። በዝናብ፤ በጉም፤ በጨለማ ጊዜ፤ ሰው በሚበዛበትም ገበያ አጠገብ ከቁጥሩ በታች መንዳት አስተዋይነት ነው። ከአገር ቤት መንገድ ወደ ከተማ ሲገቡ በተለይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ለብዙ ሰዓት በ100 የነዳ ሰው ዐይኑ ፍጥነቱን ስለሚለምድ 70 እንደ እርምጃ ይመስለዋል። ስለዚህ ስሜትን ሳይሆን የፍጥነት መለኪያውን ማመን ይሻላል።

ሦስተኛ፤ መለኪያውም ቢሆን እንዲታመን ጎማውን ማወቅ ያሻል። ብዙ አገሮች በተቀበሉት የተባበሩት መንግሥታት ደንብ መሠረት የመኪና መለኪያ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ማሳየት የለበትም። ነገር ግን ፋብሪካው ካዘዘው የሚበልጥ ጎማ ያስገጠመ ሰው መኪናው በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ስለሚሄድለት፤ መለኪያው ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ሊያሳየው ይችላል። ከዚያ «በልኩ ነበር የምነዳው» ብሎ ቢምል ሰሚ አያገኝም።

አራተኛ፤ በቁልቁለት ላይ ማርሽ መቀነስ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወርዱ፤ ወይም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርዱ፤ መኪናው ነዳጅ ሳይረገጥ ራሱ ይፈጥናል። በከባድ ማርሽ የወረደ ሹፌር በሞተሩ ይያዛል፤ በፍሬን ብቻ የወረደ ግን ፍሬኑ ግሎ ሊከዳው ይችላል።

አምስተኛ፤ ለረጅም መንገድ ሒሳብ መሥራት ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ በፍጥነት መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ100 የሄደ 51 ደቂቃ፤ በ120 የሄደ 42 ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል። ልዩነቱ 8 ደቂቃ ተኩል፤ አንድ ማኪያቶ የሚጠጣበት ጊዜ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ፖሊስ ቢያስቆመን፤ ሳንጯጯህ መንጃ ፈቃዳችንን ሰጥተን የተጻፈብንን መቀበል፤ ተበድለናል ብለን ካመንንም አቤቱታችንን በሕግ መንገድ ማቅረብ ይገባል። ሰው በፍጥነት መቀጣቱ በኛ አልተጀመረም። በእንግሊዝ አገር ዋልተር አርኖልድ የተባለ ሰው በ1896 እ.ኤ.አ. በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ በተፈቀደበት ከተማ ውስጥ በ13 ያህል ሲነዳ፤ አንድ ፖሊስ በቢስክሌት አሳድዶ ያዘውና አንድ ሽልንግ ተቀጣ። ዛሬ ብንሥቅበትም መኪናው ተለወጠ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ለሚመለከታቸው ባለሥልጣኖችም የማሳስበው አለኝ። በብዙ ቦታ የፍጥነት ምልክቱ በዛፍ ቅርንጫፍ ተሸፍኖ፤ ወይም ቀለሙ ለቅቆ ይገኛል። በአንዳንዱም መንገድ ወሰኑ መለወጡን የሚነግር ምልክት ጭራሽ የለም። ያላስተማሩትን መፈተን እንደማይገባ እኛ አስተማሪዎች እናውቃለን። እንደዚሁም ያልተነገረውን ወሰን አለፍህ ብሎ መቅጣት ሰውን አያርመውም። ፖሊሱም በመታጠፊያ ሥር ከሚሸሸግ ይልቅ በትምህርት ቤት በርና በሕዝብ ማቋረጫ ላይ በግልጥ ቢቆም፤ የሚሰበሰበው ቅጣት ቢያንስ እንኳ የሚተርፈው ነፍስ ይበዛል። የቅጣት ዓላማውም ይህ ይመስለኛል።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ በዓለም ላይ 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። የመኪኖች አማካይ ፍጥነት በመቶ አንድ በጨመረ ቁጥር ሰው የሚሞትበት አደጋ ዕድል በመቶ አራት ይጨምራል። ይህ ቁጥር ለሻይ ጨዋታ የሚሆን አይደለም።

ዛሬ ያንን ፖሊስ በዚያው ቦታ አየዋለሁ። በ40 ሳልፍ እጄን አንሥቼ ሰላም እለዋለሁ፤ እሱም ይመልስልኛል። ከኋላዬ ያሉት ሹፌሮች ጥሩንባ ይነፉብኛል፤ አንዳንዱም በመስኮት ይሰድበኛል። እኔ ግን ከፊቴ የደንብ ልብስ ለብሰው የሚሻገሩትን እየተመለከትሁ እቆማለሁ። አንዳንዶቹ የኔው ተማሪዎች ስለ ሆኑ፤ ሲያልፉ አጎንብሰው የፍጥነት መለኪያዬን ለማየት ይሞክራሉ።



አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ