ከጉልበት ቀዶ ጥገና በኋላ

እናታችን ጉልበታቸውን በቀዶ ጥገና ታክመው ቤት ሲገቡ «ንቅንቅ እንዳይሉ!» ብለን አስተኛናቸው። መንከባከብ መስሎን ነበር። ጡንቻ ሥራ ሲያጣ ግን በቀናት ውስጥ መመንመን ይጀምራል፤ የእናታችንም ጭን ቀጠነ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ያሳየቻቸው ቀላል ነገር ነው። እግርን ዘርግቶ የጉልበትን ጀርባ ወደ ፍራሹ መጫን፣ ጭንን አጠንክሮ 5 ሰኮንድ መያዝ፣ ከዚያ ማላላት፤ 10 ጊዜ መደጋገም። ጉልበቱ ሳይታጠፍ ጡንቻው ይሠራል። ትንፋሽ ማፈን የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ አይገባም፤ እናታችንም እንዳያፍኑ ጮክ ብለው ይቆጥሩ ነበር፣ ጎረቤት እስኪሰማ። ሐኪም ሳይፈቅድ ግን አይጀመርም። ባት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ነው።

እናታችን ዛሬም የሚሰግዱት ወንበር ላይ ነው፤ ከወንበሩ የሚነሱት ግን እኛን ሳይጠሩ ነው።