መለኪያ ይዛችሁ ወደ ጓሳ ለምትመጡ

ለሕፃናት ጤናና ሥርዓተ ምግብ ጥናት አዘጋጆች፤

የመንዝን ውርጭ ችላችሁ ስለምትመጡ ምስጋናዬ የልብ ነው። ቅሬታዬ በአሠራራችሁ ላይ ነው።

ሕፃኑ የቁመት መለኪያ ሰሌዳው ላይ ይጋደማል፤ አንዱ ራሱን፣ ሌላው ጉልበቱን ይይዛል። ክንዱ ባለ ቀለሙ ሜትር ይጠመጠምበታል፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ቀይ ነው። ቁጥሩ ይመዘገባል፣ መኪናው ይነሳል። እናት ግን የልጇን ሁኔታ ሳይነግሯት አዝላው ትመለሳለች።

መቀንጨር፣ ማለትም ቁመት ከዕድሜ በታች መሆን፣ የለም አላልኩም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ጥናት በአማራ ክልል 41 በመቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የእድገት መስፈርት ግን ሲሠራ ከ1,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ሕፃናት አልተካተቱበትም። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ቃለአብ ባዬና ተመራማሪው ካሌ ሂርቮነን እ.ኤ.አ. በ2020 የ59 አገሮችን መረጃ መርምረው፣ ኑሮ የተሟላለት ሕፃን እንኳ የሚኖርበት ቦታ ከፍታ ከ500 ሜትር ሲያልፍ ቁመቱ ከመስፈርቱ እንደሚያንስ አሳይተዋል። መስፈርቱን ዝቅ እናድርግላቸው ማለታቸው ግን አይደለም፤ ለደጋ እርጉዞችና ጨቅላዎች የተለየ እገዛ ይፈለግ ነው የሚሉት። እናንተ ከፍታውን ከቁጥሩ ጎን ሳታነሱ እናትን ስለ ገንፎ አዘገጃጀት ብቻ ብታስተምሩ፣ ጥፋቱን ሁሉ በእሷ ላይ መጫን ይሆናል።

የልጁን ኑሮ ደግሞ ማን ጠየቀ? በዓለም የታወቀው ፔድስኪውኤል የተባለው የልጆች የኑሮ ጥራት መጠይቅ ከ5 ዓመት ጀምሮ ልጁ ራሱ እንዲመልስ ያደርጋል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከሚጠይቃቸው መካከል የከተማ መንገድ ከአንድ መታጠፊያ እስከሚቀጥለው መራመድና ብቻውን ሻወር መውሰድ ይገኙበታል። ቀኑን ሙሉ በግ ተከትሎ ገደል የሚወጣ የመንዝ እረኛ ለዚህ ምን ይመልሳል? ሌሊት ብርድ ይቀሰቅስሃል? የኩበቱ ጭስ ያስልሃል? የእረኝነት ተራህ ሲደርስ ከትምህርት ትቀራለህ? ማታ ለመጫወት ጉልበት ይቀርሃል? እነዚህን ጠይቁት። ጤናውን የሚያውቀው እሱ ነው።

ስለዚህ ውጤቱን ለእናቲቱ እዚያው ንገሯት። ያንኑ ልጅ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ደጋግማችሁ እዩት፤ አንድ ቀን የተለካ ቁመት እያደገ ይሁን እየቀረ አይናገርም። የቀበሌውን ድምርም ለሕዝቡ አቅርቡ። ይህ ሕዝብ የጓሳ ሣር ለስንት ዓመት እንደሚዘጋ፣ መቼም እንደሚከፈት በአባቶቹ ደንብ እየመከረ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ለዘመናት ጠብቆታል። በልጆቹ ጉዳይ ላይም ከእናንተ ጋር ተቀምጦ መምከር ይችላል፤ ቁጥሩን ስጡት።