«ቲንኤጀር» ማነው?

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስንተረጉም ከሚያስቸግሩን ቃላት አንዱ «ቲንኤጀር» የሚለው ነው። ቃሉ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም፤ ትርጉሙን ግን መርምረን የያዝነው አይመስለንም።

የቃሉ ሥር ቊጥር ነው። በእንግሊዝኛ ከ13 እስከ 19 ያሉት የቊጥር ስሞች ሁሉ «ቲን» በሚል መድረሻ ያልቃሉ፤ ፍችውም ዐሥር ማለት ነው። 11 እና 12 ግን በጥንቱ አነጋገር «አንድ የተረፈ»፣ «ሁለት የተረፈ» ከማለት የመጡ ስለ ሆኑ ይህ መድረሻ የላቸውም። እንግዲህ የ12 ዓመቱ ልጅ ከቃሉ ውጭ የቀረው፣ የ13 ዓመቱም የገባው፣ ተፈጥሮ ስለ ለየቻቸው ሳይሆን ቋንቋው እንዲያ ስለ ቈጠረ ነው።

«ቲንኤጀር» የሚለው ስም በአሜሪካ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዐሥር ዓመታት ሥራ በመጥፋቱ ብዙ ልጆች ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጎረፉ፤ እኩያ ከእኩያው ጋር ሲውልም የራሱን አለባበስ፣ ዘፈንና አነጋገር አበጀ። ነጋዴውም ይህን ለመረዳት አልዘገየም፤ እ.ኤ.አ. በ1944 ለልጃገረዶች የተቋቋመው መጽሔት «ሰቨንቲን» ተብሎ ዕድሜውን ራሱን ስሙ አድርጎ ወጣ።

ነገር ግን ገበያው ቲንኤጀር ያለውን ወጣት መንግሥት ለጦርነት ይጠራው ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1942 የግዳጅ ውትድርናን ዕድሜ ወደ 18 ዝቅ ስታደርግ፣ የመምረጥ መብት በአብዛኞቹ ግዛቶች በ21 ዓመት እንደ ተወሰነ ቀረ። ጠመንጃ ለመሸከም የበቃው ወጣት ድምፅ ለመስጠት ገና ልጅ ነበር ማለት ነው። ክርክሩ በቬትናም ጦርነት ጊዜ በረታና እ.ኤ.አ. በ1971 በ26ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የመራጩ ዕድሜ 18 ሆነ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ «በዐሥራዎቹ ዕድሜ ያለ» የሚለው የተለመደ ትርጉም በትክክል አይገጥምም፤ በእኛ አቈጣጠር ዐሥራ አንድም ዐሥራ ሁለትም «ዐሥራ» ናቸውና። ስለ ጤና ወይም ስለ ሕግ የሚጽፍ ሰው «ከ13 እስከ 19 ዓመት» ብሎ ቊጥሩን ቢያኖር ከስሕተት ይድናል። ለዕለት ንግግር ደግሞ ጎረምሳና ኮረዳ አሉን፤ እነዚህ የሚናገሩት ስለ ዓመት ቊጥር ሳይሆን ስለ ሰውነት መድረስ ነው።

ሁለተኛ፣ የዕድሜ ስም ሚዛን ነው። ለሥራ ሲፈለግ «ወጣቱ ኃይል»፣ ሐሳብ ሲያቀርብ «ልጅ» የሚባል ሰው በሁለት ሚዛን ተመዝኗል። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕጋችን የጋብቻ ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት ነው። ትዳር ለመመሥረት የበቃ ሰው በክፍልና በስብሰባ ሐሳቡን ለመናገር አይበቃም ሊባል አይገባም።

እኛም ተማሪዎች ብንሆን መብት ስንጠይቅ ዐዋቂ፣ ጥፋት ስንጠየቅ «ልጅነት ነው» ባዮች መሆናችንን እንተው። ሚዛኑ አንድ ይሁን ስንል ለመምህራኖቻችንም ለራሳችንም ነው።